ጥድንና ወይራን ቅርጽ ማስያዝ፦ መቀሱ የት ድረስ ይግባ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ግቢዬን ዙሪያውን የከበበ የፈረንጅ ጥድና ጥቂት ወይራ አለኝ። ልጄ ከተማ ውስጥ እንደ ኳስና እንደ ዓምድ ተደርገው የተከረከሙ ዛፎች አይቶ «እኛም እንሞክር» ይለኛል። ጥዱ ያለ ልክ ስለሰፋ ግማሹን ቆርጠን ብንጀምርስ? ወይራውንስ በዕቃ ተክለን፣ አሳጥረን መሸጥ እንችላለን?

መልስ፦ የልጅዎ ሐሳብ መልካም ነው፤ ጥዱን ግን እባክዎ ግማሹን እንዳይቆርጡት። የፈረንጅ ጥድም ሆነ የሐበሻ ጥድ ከአሮጌ እንጨት መልሶ አያቆጠቁጥም። አንዱን ቅርንጫፍ በእጅዎ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ፤ ላይ ላዩ ለምለም፣ ውስጡ ቡናማና ደረቅ ነው። መቀሱ ለምለሙን ሳያልፍ ከቆረጠ ዛፉ ጠግጎ ይሸፍነዋል። ቡናማው ላይ ከደረሰ ግን ክፍተቱ ዕድሜ ልኩን አይሞላም። እንግሊዝ አገር በሌቨንስ ሆል የአትክልት ስፍራ፣ በ1690ዎቹ ተጀምሮ እየተከረከመ እስከ ዛሬ የዘለቀ ዛፍ አለ። እርሱ ግን «የው» የሚባል፣ ካረጀ ግንድ እንኳ የሚያቆጠቁጥ ሌላ ዘር ነው። የእርሱን ፎቶግራፍ አይቶ በጥድ ላይ መሞከር አጥርን ማበላሸት ነው።

ስለዚህ የሰፋውን ጥድ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይከርክሙት። ቁመቱን ማሳጠር ይቻላል፤ ከታች በቂ ለምለም ቅርንጫፍ መቅረቱን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። ቅርጹ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ይበል፤ አለበለዚያ የላይኛው ጥላ የታችኛውን ያደርቀዋል። ጊዜውም ወሳኝ ነው። በመስከረም ከተገረዘ የሚወጣው ለጋ ቀንበጥ ለኅዳርና ለታኅሣሥ ውርጭ ይጋለጣል። በእናንተ ከፍታ ደግሞ ውርጩ አይምርም። ዋናውን ግርዛት ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሲጠጋ ያድርጉት።

ለልጅዎ መማሪያ የሚሆነው ወይራው ነው። ወይራ ቢቆረጥ ከግንዱም ከሥሩም ያቆጠቁጣል፤ ቅጠሉም ትንሽ ስለሆነ ለጥቃቅን ቅርጽ ይመቻል። ጃፓኖች ቦንሳይ በሚሉት ጥበብ ዛፍን በዕቃ ውስጥ አሳጥሮ ማሳደግ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በዚሁ በእኛ ወይራ ይሠራበታል። ቅርንጫፉ ቀጭን ሳለ በለስላሳ ሽቦ ጠምዝዞ ማጉበጥ ይቻላል፤ ሽቦው ልጡን መንከስ ሳይጀምር ግን መፈታት አለበት። ዕቃው ከታች ቀዳዳ ይኑረው። ሥሩ ዕቃውን ሲሞላ አውጥተው የውጩን ሥር ከርክመው በአዲስ አፈር ይትከሉት። የተገረዘውን የወይራ እንጨት አይጣሉት፤ ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይሆናል።

ስለ ሽያጩ እውነቱን ልንገርዎ፤ መልክ ያለው ወይራ ዓመታት ይፈልጋል። በጥቂት ዕቃ ይጀምሩ እንጂ የገብስ ማሳዎን አይንኩበት። ከወፍ ዋሻም ሆነ ከሌላ ደን ነቅሎ ማምጣት ፈጽሞ አይገባም፤ ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ ይውሰዱ። ከዘር ካፈሉም የበሰለውን ፍሬ ሥጋውን አጥበው፣ የውስጡን ፍሬ ሳይጎዱ ጠንካራ ቅርፊቱን ሰንጠቅ ቢያደርጉት ቶሎ ይበቅላል።