ልጄ እጇን ውሃው ውስጥ አልከትም አለች

የዚህ ወር ደብዳቤዎች እንደተማከሩ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ አኳሪየሞች ለልጆችና ለወጣቶች ስለሚሰጡት የባሕር ትምህርት። ደግነቱ እሱን አውቃለሁ። ይህን ዓምድ ከመያዜ በፊት ብዙ ዓመት የሠራሁት አኳሪየም ውስጥ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ልጆች የባሕር እንስሳ በእጃቸው የሚነኩበት የመዳሰሻ ገንዳ ጠርዝ ላይ እቆምና ከጠዋት እስከ ማታ "ቀስ! በሁለት ጣት!" እላለሁ። ዛሬም ልጅ ድመት ሊነካ ሲል ካየሁ ያው ቃል አፌ ላይ ይመጣል።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄን ለቅዳሜ የባሕር ትምህርት አስመዘገብኳት። በመጀመሪያው ቀን ሌሎቹ ልጆች የባሕር ኮከብ ሲነኩ እሷ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ ቆመች። መምህሯም ምንም አላለቻትም። እኔ ግን በገንኩ። ላስገድዳት ወይስ ላስወጣት?
የአንዲት ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊው። መምህሯ ዝም ያለችው ግድ አጥታ አይደለም። የፈራ ልጅ እጁ ተይዞ ውሃ ውስጥ ሲከተት ምን እንደሚሆን አንዴ ያየ ሰው ሁለተኛ አይሞክረውም። ልጁ ይጮሃል፤ እጁን ሲመነጭቅ እንስሳውን ይመታዋል፤ ከዚያ ወዲያ ገንዳው አጠገብ ድርሽ አይልም።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ብቻ አየ። በአራተኛው ቴርሞሜትር ሰጠሁትና "የውሃውን ሙቀት የምትነግረኝ አንተ ነህ" አልኩት። ለማንበብ ጎንበስ እንዳለ፣ "ያኛው ኮከብ ለምንድነው አንድ ክንዱ ያጠረው?" አለኝ። ሌሎቹ ልጆች ያንን ኮከብ ሦስት ሳምንት ሲነካኩት አንዳቸውም ልብ አላሉትም። እውነት ለመናገር እኔም አላየሁትም ነበር። የባሕር ኮከብ ክንዱ ቢቆረጥ መልሶ ያበቅላል፤ ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ። ልጁ ያየው እያደገ ያለ ክንድ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሲገባ ቀጥ ብሎ ወደዚያ ኮከብ ነው። እጁን መቼ እንደከተተ እንኳ አላስታውስም።

ልጅሽንም ለጊዜው በመስታወቱ በኩል እንድታይ አድርጊያት። ኮከቡ መስታወት ላይ ሲለጠፍ የሆዱ በኩል ፍንትው ብሎ ይታያል። ከክንዶቹ ሥር በመቶ የሚቆጠሩ፣ ቱቦ የመሰሉ ትንንሽ እግሮች አሉት። አንዱ ሲለቅ ሌላው ይይዛል። የሚያንቀሳቅሳቸው በውስጡ የሚዘዋወር ውሃ ነው። ደም የለውም፣ አንጎልም የለውም፤ ብርሃንና ጨለማ የሚለይባቸው ዓይኖች ግን በየክንዱ ጫፍ ላይ አሉት። አፉ መሃል ላይ ነው። ከኮከቦቹ መካከል ዛጎል ለባሽ እንስሳ ሲያገኙ ዛጎሉን ትንሽ ከፈት አድርገው የገዛ ጨጓራቸውን ወደ ውጭ አውጥተው እዚያው ውስጥ የሚበሉ አሉ። ይህን ስትነግሪያት ፊቷን እያየሽ ይሁን። "ኧረ!" ሳይል የቀረ ልጅ አላጋጠመኝም።

መንካት የፈለገች ቀን ደግሞ እጇን ቀድማ በንጹሕ ውሃ ትለቅለቅ። ቅባትና የፀሐይ መከላከያ ክሬም ለእንስሳቱ መጥፎ ነው። ኮከቡንም ከውሃው አታውጣው፤ የሚተነፍሰው እዚያ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። በአንድ አኳሪየም የወጣት በጎ ፈቃደኛ ለመሆን አመልክቼ ተቀበሉኝ። ጓደኞቼ ግን "መወልወያ ነው የሚያስይዙህ" እያሉ ይስቁብኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ወለል ትወለውላለህ። መስታወትም ታጸዳለህ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች አፍንጫቸውን የሚለጥፉበትን ከፍታ። ከሻርክ ጋር እዋኛለሁ ብለህ ከሆነ ከአሁኑ እርሳው።

ጓደኞችህ ያልነገሩህ ወጥ ቤቱን ነው። የእንስሳቱ ምግብ የሚሰናዳበት ክፍል ማለቴ ነው። ዓሣው በረዶ ሆኖ ይመጣል፤ ይቀልጣል፣ ይቆረጣል፣ ይመዘናል። በረዶ ቤት የቆየ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1 እያጣ ይሄዳል። ስለዚህ የቫይታሚን ኪኒን በሞተው ዓሣ ስንጥብ ወትፈው ነው ለእንስሳው የሚሰጡት። ማን ስንት ግራም እንደበላ ይጻፋል። አልበላም ያለ ካለ እሱም ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ ሕመም የሚጀምረው ምግብ በመተው ነው። ከአንድ ወር በኋላ ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ያንን መዝገብ ይሆናል።

ሌላው የውሃ ልኬት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውራህ። የባሕር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ከገንዳ ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። እኔ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት "የባሕር እንስሳ አይደል እንዴ!" ብዬ አንዲት ትንሽ ገንዳ በጨው ውሃ ሞላሁ። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም። አምስት ቀን ሞላኋት። መለኪያው 38 ሲል ኃላፊዬ አልጮኸብኝም። ወረቀት ሰጠኝና "በየቀኑ ስንት ግራም ጨው እንደጨመርሽ አስዪና ነገ አምጪልኝ" አለኝ። ይሻል የነበረው ቢጮህብኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳሰላ አደርኩ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ "እንስሳቱ ታስረው እኔ አልማርም" ብሎ እንቢ አለ። የልጅ ነገር ነው ብዬ ልለፈው?
አባት

መልስ፦ አይለፉት። ጥያቄው የትልቅ ሰው ጥያቄ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ኔፒየር በምትባል ከተማ ባለው ብሔራዊ አኳሪየም ኢንኪ የሚባል ኦክቶፐስ፣ ስምንት ክንድ ያለው አጥንት የለሽ የባሕር እንስሳ፣ ነበር። የገንዳው ክዳን በደንብ ሳይገጠም ቀረና ሹልክ ብሎ ወጣ። ወለሉን ተሻግሮ በፍሳሽ ቱቦ ወደ ባሕር ገባ። እ.ኤ.አ. በ2016 ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ ለኢንኪ ያላጨበጨበ አልነበረም፤ እኔንም ጨምሮ።

ግን ልጅዎ ጥያቄውን ቤት ይዞት አይቀመጥ፤ አኳሪየሙ ድረስ ይዞት ይሂድ። ይህ ዓሣ እዚህ የተፈለፈለ ነው ወይስ ከባሕር የተያዘ? የባሕር ፈረስ፣ ክላውንፊሽና ጄሊፊሽ አኳሪየም ውስጥ ይራባሉ፤ ሁሉም እንስሳ ግን እንደነሱ አይደለም። መዳሰሻ ገንዳው ውስጥ ያሉት በቀን ስንት ሰዓት ያርፋሉ? ሬይ የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ መርዛማ እሾህስ የት ሄደ? (እንደ ጥፍር ይከረከማል፤ መልሶ ያድጋል።) ጥሩ አስተማሪ ይህን ሁሉ ሳይሽኮረመም ይመልሳል። "እሱን ተወውና ና ሻርኩን ላሳይህ" ካለው ልጅዎ መልሱን አግኝቷል ማለት ነው። እኔ ራሴ ዶልፊን ኳስ ሲመታ ማሳየት የባሕር ትምህርት አይመስለኝም፤ ብዙ ባልደረቦቼ በዚህ አኩርፈውኛል።

ጥያቄ፦ 40 ተማሪዎች ይዤ ለሁለት ሰዓት ልገባ ነው። ከየት ልጀምር?
መምህር

መልስ፦ ሁሉንም ላሳይ አይበሉ። በአራት ቡድን ይክፈሏቸውና እያንዳንዱ ቡድን አንድ ገንዳ ፊት 20 ደቂቃ ተቀምጦ ያየውን በእርሳስ ይሣል። ጄሊፊሽ የደረሰው ቡድን "ገንዳው ለምን ክብ ሆነ?" የሚለውን ይዞ ይቀመጥ። መልሱ ለእርስዎ ብቻ፦ ጄሊፊሽ የውሃው ፍሰት ወደወሰደው ነው የሚሄደው፤ ማዕዘን ካገኘ እዚያው ተጣብቆ ይጎዳል። ስልክ ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ የእርስዎም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ "ይሄ ጨዋታ ነው፤ ይልቅ ሒሳቧን ታጥና" ይላል። ልጃችን 10 ዓመቷ ነው፤ ትምህርቱ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ጥሩ ፕሮግራም መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሒሳብ ከፈለገ የጨው ታሪኬን አንብቢለት። ካልበቃው ስለ ዩጂኒ ክላርክ ንገሪው። እ.ኤ.አ. በ1922 ኒውዮርክ ተወለደች። አባቷ ሕፃን እያለች ሞተ። እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ መሸጫ ስለምትሠራ ልጅቷን ባተሪ ፓርክ በነበረው አኳሪየም ትታት ትሄድ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበረች። ስታድግ በዓለም የታወቀች የሻርክ ተመራማሪ ሆነች፤ ሻርክ ምግብ ለማግኘት ምልክት በአፍንጫው እንዲገፋ ማሠልጠን እንደሚቻል አሳየች። እ.ኤ.አ. በ1955 ፍሎሪዳ ያቋቋመችው ላብራቶሪ ዛሬ ሞት ማሪን ላብራቶሪ ይባላል። ስሙ በአማርኛ ሲነበብ ያስደነግጣል፤ የለጋሾቹ ቤተሰብ ስም ነው። ዘጠና ዓመት አልፏትም ባሕር ውስጥ ትጠልቅ ነበር።

ፕሮግራሙን ለመለየት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ልጄ በእጇ የምትሠራው ምንድነው? መልሱ ፊልም፣ ገለጻና የምስክር ወረቀት ከሆነ ባለቤትሽ ልክ ነው። "ስኩዊድ እንከፍታለን" ካሉሽ ግን አስመዝግቢያት፤ ስኩዊድ የኦክቶፐስ ዘመድ ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ስኩዊድና አንድ መቀስ ይሰጠዋል። መጀመሪያ ሁሉም አፍንጫውን ይይዛል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አንገታቸውን ቀልሰው ሦስቱን ልብ ይፈልጋሉ። ከዚያ ከጀርባው በኩል ቀስ ተብሎ የሚሳብ ነገር አለ፤ ስስ፣ ፕላስቲክ የመሰለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ። የድሮ ዛጎሉ ትራፊ ነው፤ ብዕር ይሉታል። የቀለም ከረጢቱ ደግሞ ጉበቱ ላይ እንደ ብር ያብለጨልጫል። ከረጢቱን በስተው፣ ብዕሩን ነክረው፣ ወረቀት ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ።

ቀለሙ ከልብስ ላይ እሺ ብሎ አይለቅም። የዚያን ቀን ጥቁር ቲሸርት አልብሻት።