ስለ 2147483647 ጠይቁኝ

ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ቁጥሩ የሚገኘው 31 ሁለቶችን አባዝቶ ከውጤቱ 1 በመቀነስ ነው። ፕራይም ነው። ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። ይሄን ድጋሚ እንዳትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያለ ኮምፒውተር እንዴት አረጋገጡት?

መልስ፦ ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ! ያረጋገጠው የሂሳብ ሊቁ ኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1772። ቁጥሩ ፕራይም ካልሆነ ከ46341 በታች የሆነ ፕራይም አካፋይ አያጣም። እስከዚያ ያሉት ፕራይሞች ግን ከ4,700 በላይ ናቸው። ማን በእጁ ይጨርሰዋል? ኦይለር መጀመሪያ ወንፊት አበጀ። አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ62 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ለ8 ሲካፈል ደግሞ 1 ወይም 7። ሁለቱን ስታጣምሩ፣ ለ248 ሲካፈሉ 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ብቻ ይቀራሉ። ቢበዛ 372 ማካፈል ነው። አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለውም። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ቡናዬ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ 31 ራሱ ፕራይም ስለሆነ ነዋ?

መልስ፦ አይበቃም! 11ም ፕራይም ነው። 11 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ቀንሱ፤ 2047 ይመጣል። 23 ሲባዛ በ89 ነው። ተጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ መንትያ ፕራይም (በ2 ብቻ የሚበልጠው ወይም የሚያንሰው ፕራይም) አለው?

መልስ፦ የለውም። 2 ሲቀነስ በ5 ያልቃል፣ 2 ሲጨመር ለ3 ይካፈላል።

ጥያቄ፦ ቁጥሩ ምኑ ነው ልዩ?

መልስ፦ ምን ማለትህ ነው? ጥያቄህን አጥራው።

ጥያቄ፦ ከፍጹም ቁጥር ጋርስ ይገናኛል?

መልስ፦ በደንብ። ፍጹም የሚባለው ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ተደምረው ራሱን የሚሰጡት ነው፤ 6 ማለት 1+2+3። የእኛን ቁጥር በ30 ሁለቶች ብዜት ስታባዙት 2305843008139952128 ይወጣል፣ ስምንተኛው ፍጹም ቁጥር። ባርሎው የሚባል እንግሊዛዊ በ1811 ከዚህ የሚበልጥ ፍጹም ቁጥር ማንም አያገኝም ብሎ ጽፎ ነበር። ዛሬ 52 ይታወቃሉ።

ጥያቄ፦ ፕራይም ነው ግን?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር በ2038 ይቆማል የሚባለውስ?

መልስ፦ ሙያዬ አይደለም። የሚያውቅ ይመልስ።

አንድ አባል፦ የቆዩ ሲስተሞች ከ1970 ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራሉ። በ32 ቢት (32 የ0 ወይም 1 ቦታዎች፣ አንዱ ለፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ምልክት) የሚይዙት ትልቁ ቁጥር ይሄ ነው። የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ 3:14:07 ላይ ነው።

ሌላ አባል፦ ጥር 11 ቀን 2030 እኮ ነው። ጥምቀት! ሦስት ሰዓት ላይ ታቦቱ ገና ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ነው።

የመጀመሪያው፦ የግሪንዊች ሰዓት ነው ወንድሜ። በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው።

ሦስተኛ፦ ጥምቀት አንዳንዴ 12 አይውልም?

ሁለተኛው፦ 12 ቃና ዘገሊላ ነው። የሚንቀሳቀሰው የፈረንጁ ቀን ነው፣ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት።

መልስ፦ ጨረሳችሁ? ወደ ቁጥሩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 5 ፕራይም ነው፣ 31 ይሰጣል። 31 ይሄን ይሰጣል። 2147483647 ሁለቶች አባዝተን 1 ብንቀንስስ?

መልስ፦ ጎበዝ። ሁሉም የሚወድቀው እዚህ ነው። ያ ግዙፍ ቁጥር ለ295257526626031 ይካፈላል። አይበቃም አላልኩም?