«ኤችአይቪዬ በምርመራ አይታይም፤ ታዲያ ይህ ከየት መጣ?» ስለ ሄፓታይተስ ሲ ጥያቄና መልስ

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በአንድ የኤችአይቪ ክትትል ክሊኒክ ውስጥ በነርስነት ሳገለግል ብዙ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝ ወንዶች ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንዴት ሊይዛቸው እንደሚችል የሚጠይቅ ሰው እንዲጽፍልኝ ጋብዤ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ተመሳሳዮቹን በአንድ አጠቃልዬ፣ የጠያቂዎቹን ማንነት የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቼ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኤችአይቪ በደሜ እንዳለ ካወቅኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። መድኃኒቴን አቋርጬ አላውቅም፤ የቫይረሱ መጠንም በምርመራ አይታይም። መርፌ ከሰው ጋር ተጋርቼ፣ ደምም ተሰጥቶኝ አያውቅም። የምገናኘው ከወንዶች ጋር ነው። ባለፈው ወር ሄፓታይተስ ሲ አለብህ ተባልኩ። ከየት ሊመጣ ይችላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በግንኙነት ሊይዝዎት ይችላል፤ ይህ የደረሰውም በእርስዎ ብቻ አይደለም። ቫይረሱ በ1989 ከታወቀ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚተላለፈው በደም፣ በተለይም በጋራ መርፌና ባልተመረመረ ደም እንደሆነ ብቻ ይታሰብ ነበር። ከ2000 ወዲህ ግን በለንደን፣ በአምስተርዳም፣ በፓሪስና በሌሎች የአውሮፓ ከተሞች፣ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ ወስደው የማያውቁ፣ ኤችአይቪ በደማቸው የሚገኝና ከወንዶች ጋር ግንኙነት የሚፈጽሙ ወንዶች በሄፓታይተስ ሲ አዲስ ተይዘው መገኘት ጀመሩ፤ የቫይረሶቹ ዘረመል ሲነጻጸርም በአንዱ አገር የተገኘው በሌላው አገር ከተገኘው ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው ታየ። እዚህ አሜሪካም የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2011 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2005 እስከ 2010 በኒውዮርክ መርፌ ሳይጠቀሙ የተያዙ 74 እንዲህ ያሉ ወንዶችን መዝግቧል። ስለዚህ ሐኪም «መርፌ ትወስዳለህ ማለት ነው» ብሎ ከደመደመ፣ አለመውሰድዎን ረጋ ብለው ይንገሩት፤ የመተላለፊያው መንገድ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ ሃያ ዓመት አልፎታል።

ጥያቄ፦ ለባልና ሚስት ግን በግንኙነት እምብዛም አይተላለፍም ይባላል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የተባለው እውነት ነው። በአሜሪካ አንዱ ቫይረሱ ያለበት፣ በአንድ ለአንድ የተወሰኑ 500 ጥንዶች ተጠንተው፣ የመተላለፍ ዕድሉ በግምት ከ190,000 ግንኙነት አንድ ጊዜ ሆኖ ተገኝቷል። የፊንጢጣ ውስጠኛ ሽፋን ግን ስስ ነው፤ በግንኙነት ጊዜ ሰውየው ራሱ ሳያውቀው ይጫጫራል፣ ይደማል። ቫይረሱ በዘር ፈሳሽ ውስጥ እንደሚገኝ በምርመራ ታይቷል፤ በፊንጢጣ ፈሳሽም ውስጥ ተገኝቷል። እንደ ቂጥኝ ያለ ቁስል የሚፈጥር የአባላዘር በሽታ ሲጨመርበት በሩ ይበልጥ ይከፈታል። ግንኙነቱ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ፣ ከአንድ በላይ ሰዎች ሲሳተፉበት፣ እጅ ወይም መሣሪያ ሲገባበት፣ ማለስለሻ ቅባት ከአንድ ዕቃ በጋራ ሲወሰድ፣ ሜታምፌታሚንን የመሰለ አደንዛዥ ዕፅ ሲኖርበት አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ዕፁ በአፍንጫ ሲሳብም ማስገቢያውን መጋራት ደምን መጋራት ሊሆን ይችላል።

ኤችአይቪ ያለባቸው ወንዶች በብዛት የተያዙበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ኤችአይቪ የአንጀትን ሽፋን የመከላከል አቅም ያዳክማል። ከዚህ ሌላ ብዙዎች ኤችአይቪን ለሌላው ላለማስተላለፍ ሲሉ እንደነሱው ቫይረሱ ያለበትን ጓደኛ ይመርጡና ኮንዶሙን ይተዉት ነበር። ሰውን ለመጠበቅ ታስቦ የተደረገ ነገር ለሌላ ቫይረስ መንገድ ሆነ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ኤችአይቪዬ በምርመራ ካልታየ አላስተላልፍም ተብያለሁ። ለሄፓታይተስ ሲም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። የኤችአይቪ መድኃኒት ሄፓታይተስ ሲን አይነካውም፤ ኤችአይቪን ለመከላከል አስቀድሞ የሚወሰደው ክኒንም እንዲሁ። ክትባትም የለውም፤ ክትባት ያላቸው ሄፓታይተስ ኤ እና ቢ ናቸው።

ጥያቄ፦ ምንም አልታመምኩም፤ ዓይኔም ቢጫ አልሆነም። መመርመር ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ያስፈልግዎታል። አንድ ወጣት የውጤት ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞ መጥቶ ነበር። ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው፣ ዓመቱን ሙሉ 30 አካባቢ የነበረው የጉበት ኤንዛይሙ ከ400 በላይ ሆኗል፤ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራው ግን «ኔጋቲቭ» ይላል። በጣቱ እያሳየኝ «ይኸው ነፃ ነኝ» አለኝ። ወረቀቱ የሚናገረው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ስለሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ነበር፤ እሱም ቫይረሱ ከገባ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሚታይ፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ የሚችል ነው። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው የአር ኤን ኤ ምርመራ ሲታዘዝለት ተገኘበት። እሱም ቢሆን ከትንሽ ድካም በቀር ምንም አልተሰማውም ነበር፤ የወፍ በሽታ የምንለው የዓይን ቢጫ መሆን በአብዛኛው ሰው ላይ አይታይም። ኤንዛይምዎ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ «አር ኤን ኤው ይታይልኝ» ብለው ይጠይቁ። ሳይታወቅ ከቆየ፣ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ላይ የጉበት ጠባሳ ይበልጥ ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ ሕክምናው ከኤችአይቪ መድኃኒቴ ጋር ይጋጫል? ጾምስ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ዛሬ ሕክምናው ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ከመቶ ከ95 በላይ ሰዎችን ያድናል፣ ኤችአይቪ ባለበትም ሰው ላይ ውጤቱ ያው ነው። ከተለመዱት አንዱ የሶፎስቡቪርና የቬልፓታስቪር ጥምር ነው። ከኤችአይቪ መድኃኒቱ ከዶሉቴግራቪር ጋር አይጋጭም፤ በአገር ቤት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ኤፋቪሬንዝ ግን የቬልፓታስቪርን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንሰው አብሮ አይሰጥም። ብዙዎቻችን ለጨጓራ የምንውጠው ኦሜፕራዞልም መድኃኒቱ በደንብ እንዳይሰርጽ ያደርጋል። ሐኪሙ «ሌላ ምን ትወስዳለህ?» ሲል የጨጓራውን ክኒን እንደ መድኃኒት ሳይቆጥሩት የሚቀሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ እባክዎ ይንገሩት። ከመጀመርዎ በፊት ሄፓታይተስ ቢም መመርመር አለበት፤ ሲ ሲጠፋ ተደብቆ የነበረ ቢ ሊነሣ ይችላል። ይህ ጥምር በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ከጾም ጋር አይጋጭም።

ጥያቄ፦ ከዳንኩ በኋላ እንደገና አይዘኝም አይደል?

መልስ፦ እንደገና ሊይዝዎት ይችላል፤ አንድ ጊዜ መያዝ መከላከያ አይሰጥም። ፀረ እንግዳ አካሉ ከዳኑም በኋላ ለዓመታት «ፖዘቲቭ» እያለ ስለሚኖር፣ ከዚህ በኋላ የሚጠቅምዎ የአር ኤን ኤ ምርመራ ብቻ ነው። አደጋው ካለ በየ3 እስከ 6 ወሩ ይደረግ። ጓደኛዎም አብሮ ቢመረመርና ቢታከም ቫይረሱ በሁለታችሁ መካከል አይመላለስም። ኔዘርላንድስ በ2015 መጨረሻ ሕክምናውን ያለ ገደብ ለሁሉም ከከፈተች በኋላ፣ ኤችአይቪ ባለባቸው በእነዚህ ወንዶች መካከል አዲስ የሚያዘው ሰው ከ2014 እስከ 2016 በግማሽ ያህል ቀንሷል። በመከላከል በኩል ኮንዶም፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚቀየር ጓንት፣ የየራስ ቅባትና የየራስ መሣሪያ ይረዳሉ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ይህ በሽታ አለበት። አብረነው በአንድ ትሪ መብላት እንችላለን?

መልስ፦ እህቴ፣ ብሉ፤ ተጎራረሱም። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ብቻ ለየብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። አስተርጓሚው የሰፈሬ ሰው ሆኖ ቢያውቀኝስ? በዚህ ምክንያት ቀጠሮዬን ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፣ ከወንድ ጋር ስለመገናኘት ማውራት ደግሞ ከበሽታው በላይ ይከብዳል። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም በነፃ አስተርጓሚ ሊያቀርብልዎ ግዴታ አለበት፤ ዘመድ ይዘው እንዲመጡ ሊያስገድድዎ አይችልም። ቀጠሮ ሲይዙ በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ግዛት የሆነ ሰው እንዲመደብልዎ ይጠይቁ፤ ስምዎ ለአስተርጓሚው እንዳይነገርም ለነርሷ አስቀድመው ይንገሩ። ድምፁን ካወቁት «ሌላ ሰው ይቀየርልኝ» ማለት ይችላሉ፤ ምክንያቱን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ሦስተኛውን ቀጠሮ ግን አይቅሩ።