«ነርስ ትግባልኝ» ማለት ነውር አይደለም

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፦ ሐኪም ጡት፣ ማህፀን ወይም ፊንጢጣ ሲመረምር ክፍሉ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ይኑር ወይ? ዓመታት በአዋላጅ ነርስነት ከአልጋው ራስጌ ቆሜያለሁና ያየሁትን ይዤ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ለማህፀን ምርመራ ስገባ ወንድ ሐኪም ብቻውን ነበር። ነርስ ትግባልኝ ብዬ ብጠይቀው «አላመንሽኝም» እንዳይለኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው?

መልስ፦ በፍጹም፣ እህቴ። ልብስ አውልቆ፣ እግር ሰቅሎ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። አንዲት ልጅ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ «በርዶኝ ነው» ያለችኝን አልረሳም፤ ክፍሉ ግን ይሞቅ ነበር። ለዚህ ነው ሐኪሙ ራሱ፣ ያውም ልብስ ሳይወልቅ፣ «ነርስ ትግባልሽ?» ብሎ መጠየቅ ያለበት። እሱ ካልጠየቀ ገና ተራሽ ሳይደርስ ለነርሷ ንገሪያት። ጥሩ ሐኪም አይቀየምም፤ ለእሱም ምስክር ናት። ሰው የለም ካሉሽና ጉዳዩ አስቸኳይ ካልሆነ ቀጠሮ አስቀይሪ።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው የምኖረው። ባለቤቴ አብሮኝ እየገባ ክሊኒኩ ሌላ ሰው ለምን ያመጣል?

መልስ፦ ባልሽ እጅሽን ይዞ አይዞሽ ይልሻል። ምርመራው በወጉ መካሄዱን ግን ለይቶ አያውቅም። እዚያው እንግሊዝ ክሊፎርድ አይሊንግ የተባለ ሐኪም ታካሚዎቹን በመድፈር ሳይሆን በምርመራ ስም ያለአግባብ በመነካካት እ.ኤ.አ. በ2000 ተፈረደበት። ጉዳዩን ያጣራው ቡድን በ2004 ባወጣው ሪፖርት በምርመራ ጊዜ በታዛቢነት አብሮ መቆም የሠለጠነ ሰው ሥራ እንጂ የቤተሰብ ወይም የጓደኛ ሸክም አይሁን አለ። አሜሪካ ውስጥም የጂምናስቲክ ሐኪሙ ላሪ ናሳር አንዳንዶቹን ልጆች የበደላቸው እናቶቻቸው እዚያው ክፍል ተቀምጠው፣ በሰውነቱ እየጋረደ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። ባልሽም ይግባ፣ ነርሷም ትግባ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ተጨማሪ ሰው እንዲያየኝ አልፈልግም። እምቢ ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ምክር ሐኪሙ ወንድም ሆነ ሴት ሦስተኛ ሰው ይኑር ይላል፤ ታካሚዋ ተነግሯት እምቢ ካለች ግን ፈቃዷ ተከብሮ ይመዝገብ ይላል። ያስጨነቀሽ የመጣችው ሰው በቤተ ክርስቲያን የምታውቂያት መሆኗ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ይቀየርልኝ በይ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፤ ፕሮስቴቴን የምታየኝ ሴት ሐኪም ናት። ይህ እኔንም ይመለከታል?

መልስ፦ አዎ ወንድሜ። ወንድ ነርስ ይግባልኝ ይበሉ።