ስሎው ኩከርና ባርቤኪው ጎድን፦ ከድሬ ሆኜ እመልሳለሁ ጠይቁኝ

እሺ፣ ስለ ስሎው ኩከር ጎድን ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ ሁሉ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። ለማያውቀው፣ ስሎው ኩከር ማለት በቀስታ ለረጅም ሰዓት የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ነው፣ ውስጡ የሚወጣ ሸክላ አለው፣ ዙሪያውን የሚያሞቀው ቀፎ አለ፣ በላዩ የመስታወት ክዳን። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፣ ማሽኑ ስጋውን ያለሰልሳል እንጂ ባርቤኪው አያደርገውም። ባርቤኪው የሚሆነው መጨረሻ ላይ እሳት ሲያይና ሶሱ ሲቀባ ነው፣ ይሄን ያልሰማ ሰው ነው "ቅቅል ሆነብኝ" እያለ የሚያማርረው። በሉ ቀጥሉ።

የሳቢያን ልጅ፦ እትዬ ቪዲዮ ላይ ሁሉም በአሳማ ነው የሚሰሩት፣ እኛ በምን እንስራው?

መልስ፦ አዎ በአሜሪካኖቹ ቤት የአሳማ ነው። ከጀርባ በኩል ያለውን አጠር ያለ ጎድን ቤቢ ባክ ይሉታል፣ ወደ ሆድ ወረድ ያለውንና ስብ የሚበዛበትን ስፔር ሪብ፣ ሎው (ማዞሪያው ላይ ቀስ ብሎ የሚያሞቀው) ላይ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። እኛ ጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውም ስለዚህ የበሬ ጎድን ውሰድ፣ ለዚህ ስራ እንደውም እኔ የበሬውን ነው የምመርጠው ምክንያቱም ጅማትና ስብ ያለው ስጋ ነው ቀስ ብሎ ሲበስል የሚያምርበት፣ ጅማቱ ከ70 ዲግሪ በላይ ሆኖ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ይቀልጥና መረቁን ወፈር ያደርገዋል። ባለ ሉካንዳውን "ስጋው ያልተገፈፈ ጎድን፣ በጣት ርዝመት ቁረጥልኝ" በለው፣ ካላልከው ለቅቅል የሚሆን ፍርክስክስ አድርጎ በፋስ ይመታውና የአጥንት ስብርባሪ እየለቀምክ ትበላለህ። የፍየልና የበግም ይሆናል ግን ቀጭን ስለሆነ ሰዓቱን ቀንስ።

የለገሃሬዋ፦ ሰዓቱን በትክክል ንገሪን በናትሽ

መልስ፦ የበሬ፣ ሎው ላይ 8 ሰዓት ሃይ ላይ 5። የፍየልና የበግ፣ ሎው ላይ 5 ወይ 6፣ ሃይ ላይ 3 ሰዓት ከሆነ በኋላ እያየሽ። ሎውና ሃይ ልዩነታቸው እሳቱ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ሙቀት አይደለም፣ ሁለቱም ያው ፈላ ወደሚልበት ነው የሚደርሱት፣ ሃይ ቶሎ ይደርሳል ሎው ቀስ ብሎ ይደርሳል በቃ። እና ክዳኑን እየከፈታችሁ አትዩ!! አንዴ በከፈታችሁ ቁጥር የጠፋውን ሙቀት ለመመለስ 20 ወይ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። በመስታወቱ እዩ፣ ለዛ ነው መስታወት የሆነው።

ከጀጎል፦ እኔ ሐረር ነኝ፣ በተባለው ሰዓት አልበስል ይለኛል ማሽኑ ነው?

መልስ፦ ማሽኑ ላይሆን ይችላል፣ ከፍታው ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ናት፣ እናንተ ወደ 1,900 ትጠጋላችሁ፣ ውሃ እኛ ጋ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል እናንተ ጋ 94። ትንሽ ይመስላል ግን ጅማት ላለው ስጋ ልዩነት አለው፣ አንድ ሰዓት ጨምሪና ሞክሪ። ደግሞ ጊዲር መጋላ ስጋ ስትገዢ ዘንቢልሽን ሸፍኚ አቦ፣ ጭልፊቱ ከእጅ ላይ ነው የሚነጥቀው ሃሃ።

ዲያስፖራ ለእረፍት የመጣ፦ ከአሜሪካ ይዤላቸው መጣሁ፣ እዚህ ይሰራል?

መልስ፦ ወንድሜ ሳትሰካው ገልብጠህ ከታች ያለውን ጽሁፍ አንብብ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰካኸው አለቀለት፣ ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ማሞቂያው የሚስበው ኃይል ወደ አራት እጥፍ ነው የሚሄደው፣ ሽታውን ጎረቤት ይሰማዋል። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል፣ ማሽኑ ራሱ 250 ዋት አካባቢ ስለሆነ 500 ዋት የሚችል ይበቃል፣ ለፍሪጅ የሚሆን ግዙፍ ነገር አትግዛ። ገና ያልገዛችሁ ደግሞ እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ስትሄዱ 220 መሆኑን አይታችሁ ግዙ፣ ሻጩ "ይሰራል ይሰራል" ቢላችሁም ራሳችሁ አንብቡ።

አንድ የቤት አባወራ፦ 8 ሰዓት ሙሉ ተሰክቶ ቆጣሪውን አይበላውም?

መልስ፦ አይበላም ጋሼ። 250 ዋት ለ8 ሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ያውም ቢበዛ። የእንጀራ ምጣድዎ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ነው የሚስበው፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይሄን ሁሉ ጨርሶታል። ደግሞ ቤት አያሞቅም፣ በግንቦት በድሬ ሙቀት ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ ቀኑን ሙሉ ድስት ከመጠበቅ ይሄ ገነት ነው።

የሳቢያን ልጅ፦ መብራት ሲጠፋስ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው እኮ

መልስ፦ ትክክል፣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ። መጀመሪያ አይነቱ፣ ባለ ቁጥሩ ዲጂታል ብዙ ጊዜ መብራት ሄዶ ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚቀረው፣ ባለ ማዞሪያው ግን መብራቱ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ለኛ ሀገር ባለ ማዞሪያው ይሻላል ትላለህ፣ እውነት ነው፣ ግን አንድ ተንኮል አለው፣ አንተ ስራ ውለህ ስትመለስ ሲሞቅ ታገኘዋለህ፣ በመሃል ሶስት ሰዓት ጠፍቶ እንደነበር አይነግርህም። ስጋ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ልኩ 2 ሰዓት ነው፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ በላይ ከሆነ ደግሞ 1 ሰዓት፣ የድሬን ቀን ታውቀዋለህ። ስለዚህ ቤት ካለህ መብራቱ እንደጠፋ ወዲያው ወደ ብረት ድስት ገልብጠህ ቡታጋዝ ወይ ከሰል ላይ ጨርሰው። ቤት ካልነበርክና ገና ሳይበስል ስንት ሰዓት እንደጠፋ ካላወቅክ፣ ያንገበግባል አውቃለሁ የስጋ ዋጋም ይታወቃል፣ ግን ድፋው። እንደገና መቀቀል አያድነውም፣ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተፋው መርዝ በሙቀት አይጠፋም። ቀኑን ሙሉ የማትኖር ከሆነ ቅዳሜ ስራው በቃ።

የለገሃሬዋ፦ ሸክላውን ራሱን ቡታጋዝ ላይ ብጥደውስ?

መልስ፦ ይፈነዳል የኔ እህት። ለቀጥታ እሳት የተሰራ አይደለም። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ሸክላም የሞቀው ቀፎ ውስጥ አታስገቢ፣ በረዶ የሆነ ስጋም አትክተቺ፣ ስጋው እስኪቀልጥ ያንን አደገኛ ሙቀት ውስጥ ብዙ ይቆያል።

ተማሪ ነኝ፦ እስኪ አሰራሩን ከሀ እስከ ፐ፣ ምንም አላውቅም

መልስ፦ እሺ። 2 ኪሎ የበሬ ጎድን። ከውስጠኛው ጎን አጥንቱ ላይ የተለጠፈ ነጭ ስስ ሽፋን ታገኛለህ፣ እሱ ካልተላጠ ቅመም አያስገባም ሲበላም እንደ ፌስታል ነው። በቢላ ጫፍ አንዱ አጥንት ላይ ትንሽ ታነሳለህ፣ ከዛ ጣትህን ታስገባና ታላቅቀዋለህ፣ ይንሸራተታል በጣም፣ በሶፍት ይዘህ ስትጎትተው ነው አንድ ላይ ሸርተት ብሎ የሚመጣው፣ ቢቆረጥብህ ከሌላ በኩል ጀምር። ከዛ በርበሬ 2 የሾርባ ማንኪያ፣ ስኳር 1፣ ጨው 1፣ ቁንዶ በርበሬና ከሙን አንዳንድ የሻይ ማንኪያ ቀላቅለህ በደንብ እሸው፣ ማታ አሽተህ ፍሪጅ ብታሳድረው በጣም ጥሩ (በሌላ ዕቃ፣ በሸክላው አይደለም)። ኮረሪማና በሶብላ ያለበት የወጥ በርበሬ ከሆነ ያለህ ትንሽ ቀንስ፣ ወጥ ወጥ እንዳይልብህ።

ሸክላው ስር ሁለት ትላልቅ ሽንኩርት ከትፈህ አንጥፍ፣ ግማሽ ኩባያ ውሃ፣ በቃ። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ እንደ ቅቅል ውሃ ይሞላዋል። ከዚህ ማሽን ተን ብዙ አይወጣም፣ ስጋውም ሽንኩርቱም ውሃ ያወጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ከከተትከው በላይ ፈሳሽ ነው የምታገኘው። ጎድኑን ስጋ ስጋውን ወደ ግድግዳው አድርገህ አቁመህ ደርድር፣ ሎው፣ 8 ሰዓት፣ ዞር በል። ጠዋት 2 ሰዓት ከጣድክ 10 ሰዓት ላይ ደርሷል፣ ከበርጫ ሳትነሳ ማለት ነው ሃሃ።

ሲደርስ ወዲያው አታንሳ፣ አጥንቱ በእጅህ ቀርቶ ስጋው ይወድቃል። ክዳኑን ከፍተህ 10 ደቂቃ ተወው፣ ጠንከር ሲል በሰፊ ጭልፋ አውጣ። ከዛ ፈርኔሎ ላይ ከሰሉ ነበልባሉ አልፎ አመድ ሲለብስ በሽቦ ላይ አድርገህ፣ ሶስ እየቀባህ፣ በየጎኑ 3 ወይ 4 ደቂቃ። ሶሱ ስኳር ስላለው ቶሎ ያራል፣ ለዛ ነው መጀመሪያ ላይ የማይቀባው። ኦቨን ያለህ ከላይ የሚያነደውን አብርተህ እሱ ስር 5 ደቂቃ።

ከዚራ ያለሁ፦ ባርቤኪው ሶስ ሱፐርማርኬት አንዷ ጠርሙስ ዋጋዋ ሰማይ ነው፣ በካቻፕ ብቻ አይሆንም?

መልስ፦ ካቻፕ ብቻውን ጣፋጭ ቲማቲም ነው ምን ያደርጋል። የሱፐርማርኬቱን እርሱት፣ የታወቀው የካንሳስ ሲቲው አይነት ሶስ ቲማቲም፣ ሞላሰስ፣ ኮምጣጤና ቅመም ነው፣ ይሄ ሁሉ ከፊራ ገበያ አለ። ለጎምዛዛው ሁመር (ሮቃ የምትሉትም አላችሁ)፣ ለጣፋጩና ለጥቁረቱ ተምር። ግማሽ ጭብጥ ሁመር በአንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ዘፍዝፈህ በእጅህ እሸውና ፍሬውን በወንፊት አጥልለህ ጣል፣ 10 ፍሬ ተምር ፍሬውን አውጥተህ ቀቅለህ ፍጨው። ሁለቱን ከ3 ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ 2 ማንኪያ አቼቶ፣ 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ በርበሬና ጨው ጋር ቀስ ባለ እሳት 15 ደቂቃ፣ ማንኪያ ጀርባ ላይ ሲጣበቅ በቃው። ወላሂ ከጠርሙሱ ይሻላል፣ የሁመር ጉምዝዝታ ከበሬ ስብ ጋር ያለው ነገር ኮምጣጤ ብቻውን አይሰጥህም። ከሸክላው የቀረውን መረቅ ደግሞ ስቡን ከላይ ገፈህ ሁለት ሶስት ጭልፋ ሶሱ ላይ ጨምር።

ዲያስፖራው፦ የጭሱ ጣዕምስ? እዛ ሊኩዊድ ስሞክ እናደርጋለን

መልስ፦ እናትህ የወተት ዕቃ በምን ነበር የምታጥነው? በወይራ። ፈርኔሎው ላይ ሁለት ሶስት የደረቀ የወይራ ስንጥር ጣል አድርግና ጎድኑን ሰፋ ባለ ድስት ክዳን ድፋበት፣ 5 ደቂቃ፣ ጨርሰሃል። ብዙ ካጠንከው ይመራል ብቻ፣ ደግሞ ውጪ ሁን።

አዴ ከገንደ ቆሬ፦ ለፍጡር (ለረመዳን ማፍጠሪያ) ላድርገው ብዬ ነበር፣ ክርስቲያን ጎረቤትም አለችኝ እሷንም ልጠራት

መልስ፦ አዴዬ ለፍጡር ከሆነ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ይጣዱት፣ እሳት ላይ ለማቃጠል ጊዜ ተርፎ ይደርሳል፣ ሳይቀምሱ መስራት ስለሆነ ጨውን በማንኪያ ይለኩ። የተዘጋጀ ሶስ ከገዙ ጀርባውን ያስነብቡ፣ አንዳንዱ አልኮል አለበት። ጎረቤትዎን በተመለከተ ያው የድሬን ሰርግ ያውቁታል፣ የሙስሊምና የክርስቲያን ስጋ ለየብቻ ነው የሚበስለው፣ እሷ እንደምትበላ ካላወቁ የፆም ነገር ወይ ሙፎ (የሶማሌ ቂጣ) እና ሰላጣ ያቅርቡላት፣ ትሰማዎታለች እንጂ አትቀየምም።

አንድ ሰው፦ ግመልስ ዋሪያ?

መልስ፦ ይሆናል፣ በጣም። የግመል ስቡ ጉብታው ላይ ስለተከማቸ ሌላው ስጋው ደረቅ ነው፣ ባለ ሉካንዳውን ከጉብታው ትንሽ ቆርጦ እንዲጨምርልህ ለምነው፣ ከላይ አልብሰው። ሎው ላይ 9 ወይ 10 ሰዓት ስጠው፣ ያረጀ ከሆነ ከዛም በላይ። ከቢስባስ (የሚያቃጥለው የሶማሌ ማባያ) ጋር ብላ።

የፆም ሰው፦ ረቡዕ አርብ ማሽኑ ይጾማል እንዴ? ቀይ ቦሎቄ ልሰራበት አስቤ

መልስ፦ አይጾምም ግን ቀይ ቦሎቄን ጥሬውን በቀጥታ እንዳትከቺ። ጥሬው ውስጥ ሆድ የሚያናውጥ መርዝ አለ፣ ስሎው ኩከሩ ደግሞ ያን ለመግደል በደንብ አያፈላም። አሳድረሽ ውሃውን ድፊ፣ ምድጃ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ደህና አድርገሽ አፍልተሽ፣ 30 ቢሆን ይመረጣል፣ ከዛ ወደ ማሽኑ። ምስርና ሽሮ ክክ ይሄ ጣጣ የለባቸውም።

ተማሪው፦ ማን ፈጠረው ግን ይሄን ነገር?

መልስ፦ ኢርቪንግ ናክሰን የሚባል አሜሪካዊ፣ ፓተንቱን በ1940 አገኘ። እናቱ ሊትዌንያ ሳሉ አይሁዶች ለሰንበት የሚሰሩትን ሾለንት የሚባል ወጥ ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ እንዴት እንደሚያሳድሩት ነግረውት ነው ሀሳቡ የመጣለት ይባላል። በኋላ ሌላ ኩባንያ ገዛውና በ1971 ክሮክ ፖት ብሎ ለገበያ አወጣው። በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ሁለቱም።

የለገሃሬዋ፦ የተረፈውን እንዴት ላስቀምጥ?

መልስ፦ ሸክላው ውስጥ እንዳለ ፍሪጅ አታስገቢው፣ ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ለመብረድ ብዙ ይቆያል። ሰፋ ባለ ጠፍጣፋ ዕቃ ገልብጪና አስገቢ፣ 3 ወይ 4 ቀን ይቆያል። ስታሞቂም በድስት ወይ በማይክሮዌቭ እንጂ በስሎው ኩከሩ አይደለም። እኔ ስጋውን ከአጥንት ፈልፍዬ ከሶሱ ጋር አሙቄ ዳቦ ውስጥ ነው የማደርገው፣ ጠዋት ከሻይ ጋር።