የእብድ ቃል ማን ይሰማል?

ልጆቼ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአእምሮ ሕሙማን ነርስ ነበርኩ። የሼክስፒርን ተውኔት ሃምሌትን ያነበብኩት ግን ገና በወጣትነቴ፣ በሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ነው። ያኔ ልቤን የወሰደው ልዑሉ ሃምሌት ነበር። አጎቱ አባቱን ገድሎ ዙፋኑንም እናቱንም ወስዷል። ይህን የነገረው የአባቱ መንፈስ ነው፤ መንፈስ ደግሞ ምስክር ሆኖ አይቆምለትም። ስለዚህ ያበደ መምሰልን ይመርጣል።

የዴንማርክ ቤተ መንግሥት አሽቃባጭና ጆሮ ጠቢ የሞላበት ነው። እንደ ልቡ የሚናገር እብድ ብቻ ነው። ሃምሌት አማካሪውን ፖሎኒየስን «ዓሣ ነጋዴ ነህ» ይለዋል። ሽማግሌው «ለይቶለታል» ብሎ ያልፈዋል። የቅኔ ተማሪ ቢሰማው ግን ወርቁ አይጠፋውም፤ ፖሎኒየስ ልዑሉን ለማጥመድ የገዛ ልጁን መረብ ላይ ሊያስቀምጥ አስቧል።

ልጅቷ ኦፊሊያ ናት። እሷ ጭምብል አላጠለቀችም። የምትወደው ሃምሌት አባቷን ፖሎኒየስን ሲገድልባት የምሯን ታመመች። አበባ እያደለች ትዞራለች፤ ይኼ ለመታሰቢያ፣ ያኛው ለሐሳብ። ቫዮሌቶቹ ግን አባቴ ሲሞት ደረቁ ትላለች። ወንድሟ ንግግሯ ፍሬ እንዳለው ይገባዋል፤ ወዲያው ግን ወደ በቀሉ ይዞራል። ቀጥሎ የምንሰማው ውሃ ውስጥ መስጠሟን ነው። እና እባካችሁ፣ እብደት እውነትን ያሳያል የሚለውን ወሬ ስትሰሙ እሷንም አስቧት። እንቅልፍ ያጣ፣ ድምፅ የሚሰማው ጓደኛ ካላችሁ ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ የሚላችሁን ስሙት።

በዚህ ዕድሜዬ ደጋግሜ የማነበው ሃምሌት ከእናቱ ጋር የሚነጋገርበትን ክፍል ነው። መንፈሱ ለሃምሌት ይታየዋል፣ ለእናቱ አይታያትም። ልጄ አበደ ትላለች። እሱም የደም ሥሬን ዳሺው፣ እንዳንቺው ነው የሚመታው ይላታል። ከዚያ ከባዱን ይጨምራል፦ የሚናገረው የእሱ እብደት እንጂ የእኔ ጥፋት አይደለም እያልሽ ነፍስሽን ቅባት አትቀቢያት።

እኔም ይህን ቅባት ቀብቻለሁ። አንዲት ታካሚ ምግቤን ይወስዱብኛል እያለች ታለቅስ ነበር። የበሽታው ጠባይ ነው ብዬ ካርዷ ላይ ጻፍኩ። ከሳምንታት በኋላ ሲጣራ እውነትም ይወስዱባት ነበር። ካርዱን ላርም ስሄድ አልጋዋ ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል።