የይግባኝ ወረቀትና የዕግድ ወረቀት

የተወደዳችሁ ወጣት ጠበቆችና የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኞች፤

ቤት የማስለቀቅ ፍርድ ይግባኝ እየታየበት ሲፈጸም የሚፈጠረው አብዛኛው ጥፋት ሁለት ወረቀቶችን እንደ አንድ ከመቁጠር ይመጣል። የይግባኝ ማመልከቻ መዝገብ ያስከፍታል፤ የአፈጻጸሙን እጅ የሚይዘው ግን የዕግድ ትእዛዝ ነው። «ይግባኝ ብለናል፣ ማንም አይነካንም» ብሎ የተቀመጠ ደንበኛ ዕቃው ደጅ ወጥቶ ሲያገኘው ጥያቄውን ይዞ የሚመጣው ወደ ጠበቃው ነው።

መነሻ ደንቡ ከአገር አገር ይለያያልና መጀመሪያ ጉዳዩ የሚገዛበትን ሕግ ገልጣችሁ አንብቡ። በኢትዮጵያ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ስለቀረበ ብቻ አፈጻጸም አይቆምም፤ ዕግድ ተጠይቆ መፈቀድ አለበት። በደቡብ አፍሪካ ነገሩ ይገለበጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የከፍተኛ ፍርድ ቤቶች ሕግ ክፍል 18 በመርሕ ደረጃ ፍርዱን ያቆመዋል። ይግባኙ እያለ ይፈጸምልኝ የሚለው ወገን ልዩ ሁኔታ መኖሩን ማሳየት አለበት፤ ባይፈጸም በእርሱ ላይ የማይተካ ጉዳት እንደሚደርስ፣ ቢፈጸም ግን በሌላው ላይ እንደማይደርስም ማስረዳት ይጠበቅበታል። ፈረንሳይ ደግሞ ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ባሉት የቅዝቃዜ ወራት ነዋሪን ከቤት ማስወጣትን በመርሕ ትከለክላለች። ከሌላ አገር መዝገብ የተቀዳ ክርክር እናንተ ጋ ባዶ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ይግባኝ ዕግድ በማያስከትልበት ሥርዓት፣ የዕግድ አቤቱታው ከይግባኙ ጋር በአንድ ቀን ይግባ። ፍርድ ቤቶች በአብዛኛው የሚመዝኑት ሦስት ነገር ነው፦ ጥያቄው ሳይዘገይ መቅረቡን፣ ካልታገደ የሚደርሰውን ጉዳትና የሚቀርበውን ዋስትና። ቃለ መሐላው ላይ «ከፍተኛ ጉዳት ይደርስብኛል» ብሎ ማለፍ ምንም አይጠቅም። ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ የታመመ ወይም አረጋዊ ካለ፣ ባለመብቱ፣ ማለትም ቤቱ እንዲለቀቅለት የተፈረደለት ወገን፣ ቤቱን ሊሸጠው ወይም ሊያፈርሰው መዘጋጀቱን የሚያሳይ ነገር ካለ በዝርዝር ጻፉ። ዋስትናውን ደግሞ ፍርድ ቤቱ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። የባለመብቱ እውነተኛ ቅሬታ በየወሩ የሚያጣው ኪራይ ነውና፣ ኪራዩን ቀን ቆርጣችሁ በየወሩ በፍርድ ቤት ለማስያዝ አቅርቡ። ከረጅም ክርክር ይልቅ ይህ አንድ አንቀጽ ሚዛን ሲደፋ ይታያል። ከዚያ አንድ ወር ከተዘለለ ግን ዕግዱ እንዲነሳ ራሳችሁ ምክንያት ሰጣችሁ ማለት ነው።

ዕግዱ ሲፈቀድ ከችሎት ወጥታችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ትእዛዙ የይግባኙን ብቻ ሳይሆን የአፈጻጸሙንም መዝገብ ቁጥር መያዙን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አመሳክሩ። አንድ አኃዝ ከተሳሳተ አስፈጻሚው «ይህ የእኔ መዝገብ አይደለም» ሊል ይችላል። ዕግዱ እስከ ቀጠሮ ቀን ነው ወይስ ሌላ ትእዛዝ እስኪሰጥ? የጊዜ ገደብ ካለው ቀኑ ከማለፉ በፊት እንዲራዘም ጠይቁ። ግልባጩን ለአፈጻጸም ችሎቱም፣ ለሚያስፈጽመው ሠራተኛም፣ ለባለመብቱም አድርሱና የተቀበለው ሰው ቀንና ሰዓት ጽፎ እንዲፈርምላችሁ አድርጉ። ሰዓቱ የሚያስፈልገው ማስለቀቁ በዚያው ዕለት ተፈጽሞ ከሆነ የትኛው እንደቀደመ መከራከሪያ ስለሚሆን ነው።

ለምታስፈጽሙ ልጆቼ፤ ለማስለቀቅ በወጣችሁበት ጠዋት መዝገቡን እንደገና ጠይቁ። በር ላይ ነዋሪው የዕግድ ግልባጭ ካሳያችሁ ቁሙና ለመዝገብ ቤቱ ደውላችሁ አጣሩ። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ለባለመብቱ የሚያስከትለው ኪሳራ ትንሽ ነው፤ ታግዶ ሳለ የወጣን ቤተሰብ መመለስ ግን ከባድ ነው። የቤቱን ቁጥርና ወሰን ከፍርዱ ጋር አስተያዩ። ፍርዱ የማይጠቅሰው ሰው በራሱ መብት ተቀምጦ ካገኛችሁ በራሳችሁ አትወስኑ፤ በቃለ ጉባኤ ጽፋችሁ ለችሎቱ አቅርቡ።

የዕቃ ዝርዝር ላይ ስንፍና ብዙ ያስከፍላል። «አንድ ካርቶን ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል መስመር በኋላ የጠፋ ወርቅ ክስ ሆኖ ይመለሳል። ካርቶኑን በነዋሪው ፊት ከፍታችሁ ቆጥሩ፣ አሽጉ፣ ቁጥር ስጡት፣ ፎቶ አንሡ። መድኃኒት፣ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ አይታሸጉም፤ ለባለቤቱ በእጁ ይሰጡ። የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ፣ የተረከባችሁት ቁልፍ ብዛት፣ የታዛቢዎች ፊርማ በዚያው ገጽ ላይ ይስፈር።

የባለመብት ጠበቃ የሆናችሁ ደግሞ፣ ዕግድ ከሌለ ማስፈጸም መብታችሁ ነው። ይግባኙ ፍርዱን ቢሽረው ግን ደንበኛችሁ ቤቱን እንዲመልስ ሊገደድ ይችላል። ስለዚህ ቤቱን ተረክቦ ሳለ ግድግዳ እንዳያፈርስ፣ እንዳይሸጥ፣ የረጅም ጊዜ ኪራይ ውል እንዳይገባ በጽሑፍ ምከሩት፤ የምክሩንም ቅጂ ፋይላችሁ ውስጥ አኑሩ።